ካርቶኑ ሌላ፣ ብልቃጡ ሌላ

የእትዬ ብርቄን ሞት ያረዳችኝ ሆዳን ናት። ቁጥሯን ስልኬ ላይ አልመዘገብኩትም ነበርና የማላውቀው ሰው መስሎኝ አነሳሁ። «ትዕግስት ነሽ?» ስትለኝ ግን ስሟን ሳትነግረኝ አወቅኋት።

«እትዬ ብርቄ ሞታለች። ትናንት ነው። ልቧ ነው ብለዋል ሐኪሞቹ። ዛሬ ከሰዓት ትቀበራለች፤ ለቀብሩ አትደርሺም፣ ለለቅሶው ትደርሻለሽ» አለችኝ።

እኔ ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። እሷ ግን ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «ባትመጪም አልቀየምሽም» አለች። ይህቺ ቃል ከሞቱ ባልተናነሰ አመመችኝ።

ሆዳን ማናት ብትሉ፣ ከእትዬ ብርቄ ሱቅ በተገዛ የፊት ክሬም ፊቷ የተበላሸ ልጅ ናት። ያንን ክሬም ካርቶኑ ውስጥ የከተተው እጅ የእኔ ሳይሆን አይቀርም። «ሳይሆን አይቀርም» የምለው ለማድበስበስ አይደለም፤ በእርግጥም አይታወቅም። ሦስት ሴቶች ነበርን የከተትነው። እትዬ ብርቄ ግን ያለ ምንም ማመንታት «የኔ ነው» ብለው ተሸከሙት። እኔም ዝም ብዬ አሸከምኳቸው። የማልረሳቸው ለዚህ ነው ብል ግን ልክ አይሆንም፤ ከዚያ በፊትም የሚረሱ ሰው አልነበሩም።

እትዬ ብርቄ የሆለታ ልጅ ናቸው። ባላቸው ወታደር ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ በጦሩ ክሊኒክ የመድኃኒት ክፍል ውስጥ ሲሠሩ ኖረዋል። ባላቸውን ተከትለው በረሃማዎቹ የባቡር ጣቢያ ከተሞች፣ አፍደምም አይሻም ተቀምጠዋል። «ሙቀት መድኃኒት እንዴት እንደሚገድል የተማርኩት አይሻ ነው። ጠዋት ደህና የነበረ ሽሮፕ ማታ ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቅሻል» ይሉ ነበር። ባላቸው ጅጅጋ ሳሉ አረፉ። ዘመድ ወደ ሆለታ ይግቡ ሲላቸው «አሁን በስተርጅና ሄጄ ብርድ ልቆጥር?» ብለው ቀሩና ገበያው መግቢያ ላይ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ከፈቱ።

አጭር፣ ደንዳና፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበሩ። መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ሁለቱም ጉንጫቸው ላይ የቆየ ማድያት አለባቸው። ደፈር ያለች ደንበኛ «እትዬ፣ ቪታሚን ሲ እየሸጥሽ ያንቺን ማድያት ለምን አላጠፋሽውም?» ካለቻቸው «ይሄ የአይሻ ፀሐይ ነው እናቴ፣ ያለ ሰንስክሪን የተከፈለ ነው። እኔን አይተሽ ተማሪ እንጂ እኔን አይተሽ አትግዢ» ብለው ይስቁባታል። ሶማሌዎቹ ደንበኞች በአንቱታ ነገር አይጨነቁም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» ነው። እሳቸው ደግሞ ይህን ይወዱት ነበር። «አንቺ ሲሉኝ ወጣትነቴ ትዝ ይለኛል» ይሉናል፣ እኔንና ዘይነባን። ዘይነባ ከእኔ ጋር ተቀጥራ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት።

እኔ እሳቸው ጋ የተቀጠርኩት ከተማው ከ2010ሩ ግርግር በኋላ ተረጋግቶ ሱቆች ዳግም በተከፈቱበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ መሸጥ አልነበረም፤ ማንበብ ነበር። አንድ የሴረም ካርቶን ሰጡኝና «ፊት ለፊቱን ተይው፣ ፊት ለፊቱ ላይ ሁሉም ቆንጆ ነው። ጀርባውን አንብቢልኝ» አሉ። ጀርባው ላይ ትንኝ የሚያክል ጽሑፍ ተደርድሯል። እየተንተባተብኩ አነበብኩ። ውሃ አልኩ፣ ግሊሰሪን አልኩ፣ የማላውቃቸውን ረጃጅም ስሞች አልኩ፣ ሽቶ አልኩ፣ በመጨረሻ አስኮርቢክ አሲድ ላይ ደረስኩ።

«እሱ ነው ቪታሚን ሲ ማለት» አሉ። «የት ቆሞ አገኘሽው?»

«መጨረሻ ላይ።»

«ከሽቶው በላይ ወይስ በታች?»

«በታች።»

«በይ እንግዲህ። ብዙ ያለው ከላይ ይጻፋል፣ ትንሽ ያለው ከታች። ከሽቶ በታች የተጻፈ ከሆነ ሎሚው በር ላይ ቆሞ ሰላም ብሎ ሄዷል ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ብርቱካን ሥዕል ነው።»

እንዲህ ነበር የሚያስተምሩት። ደንበኛ ሲመጣም ካርቶኑን ሳያነቡላት አይሸጡም። ጣታቸውን መስመሩ ላይ እያስኬዱ፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በዚያ በሆለታ ዜማ በሚናገሩት ሶማሊኛ ይተረጉሙላታል። የቸኮለች ሴት «ሀዬ፣ ሀዬ፣ ገባኝ፣ ስጪኝ» ብትልም አይለቋትም። ሴረሞቹን መስኮት ላይ አይደረድሩም። ጎረቤት ያሉት ሱቆች ብርቱካንማዎቹን ጠርሙሶች ፀሐይ ላይ አሰልፈው ሲያስውቡ፣ የእኛዎቹ ለስላሳ መጠጥ በሚቀዘቅዝበት ፍሪጅ ውስጥ ከጠርሙሶቹ ኋላ ተደብቀው ይቀመጡ ነበር። ለስላሳ ሊገዛ የመጣ ሾፌር ስንት ጊዜ አንዱን አውጥቶ «ይሄ ደግሞ የምን ጁስ ነው?» ብሎናል። መብራት በሄደ ቁጥር እሳቸው እንደታመመ ልጅ ፍሪጁን እየሄዱ ይዳስሱታል። «ቪታሚን ሲ የላም ወተት ነው፤ የግመል ወተት አይደለም፣ ቆይቶ አይጠብቅሽም» ይላሉ። ጠቆር ያለ ሴረም ካገኙ ለማንም አይሸጡም፤ መጸዳጃ ቤት ወስደው ይደፉታል።

የሚያቀላ ክሬም ሱቃቸው አይገባም ነበር። ገበያው ሁሉ የሚሸጠው እሱን ነው፤ እኛን ግን ሴቶቹ ጠይቀውን ጠይቀውን ተስፋ ቆርጠዋል። አንዴ አንዲት ልጅ «የሚያጠራና የሚያቀላ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብላ ተከራከረቻቸው። መነጽራቸውን አወለቁና «የሚያጠራው የራስሽን ፊት ይመልስልሻል። የሚያቀላው የሌላ ሰው ፊት ያውስሻል፣ ከዚያ መጥቶ ይወስደዋል፤ ሲወስደው ደግሞ ያንቺንም ይዞ ነው የሚሄደው» አሏት። ያኔ ስቄአለሁ። ከአንድ ዓመት በኋላ ይህ ንግግር ሆዳን ፊት ላይ ቃል በቃል ሲፈጸም አየሁት።

ሆዳንን ያሳደገቻት አክስቷ ኤዶ ሰፊያ ናት። «ኤዶ» ማለት በሶማሊኛ የአባት እህት ነው፤ እትዬ ብርቄም እኛም እንደ ሆዳን ኤዶ ነበር የምንላት። በግርግሩ ጊዜ እትዬ ብርቄን ቤቷ ወስዳ የሸሸገች እሷ ናት። ወጣቶች በር ሲያንኳኩ «እዚህ ያለችው እህቴ ናት» ብላ በሩ ላይ ቆማለች።  ከዚያ ወዲህ በዒድ እነሱ ቤት፣ በፋሲካ እኛ ሱቅ፣ አንድ ቤተሰብ ሆነው ነበር የሚኖሩት።

አሁን ያችን አርብ ልናገር።

ዕቃ የሚመጣልን ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ውጫሌ ነው። አመላላሾቹ ቦታ እንዳይፈጅባቸው ክሬሙን ከካርቶኑ ያወጡታል። ብልቃጡን ለብቻ በጆንያ፣ ካርቶኑን ደግሞ አጣጥፈው ለብቻ ያስራሉ። ጅጅጋ ሲደርስ ነጋዴው ካርቶኑን መልሶ ቀጥ አድርጎ ብልቃጡን ይከትበታል። ገበያው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ማንም ነውር አይለውም። ከዱባይ ታሽጎ የመጣ ሳይሆን እኛ ወለል ላይ ተቀምጠን ያሸግነው ዕቃ ነው አዲስ መስሎ መደርደሪያ ላይ የሚወጣው። እትዬ ብርቄ ለዚህም ሥርዓት ነበራቸው። ብልቃጡ ሥር የታተመችውን የባች ቁጥር፣ የምርቱን መለያ፣ ካርቶኑ ላይ ካለችው ጋር ሳናስተያይ እንዳንከት። «ቂጡን ሳታዪ አታልብሺው!» ይሉናል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ደንበኛ ይሰማል ሳይሉ። እኔና ዘይነባ በዚህ አባባላቸው ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

አርብ ከቀትር በኋላ ወንዶቹ ለጁምዓ ሲሄዱ ገበያው ጭር ይላል። እኛም የሱቁን ቆርቆሮ በር ግማሽ ድረስ አውርደን የምናሽገው ያን ጊዜ ነው። የዚያን ቀን የመጣው የቪታሚን ሲ ክሬም ነበር፣ ነጭ ብልቃጥ፣ ብርቱካንማ ክዳን። ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት በሙቀቱና በመንገዱ ተልጦ ግማሹ የለም። እትዬ ብርቄ መነጽራቸው ተሰብሮ ጠጋኝ ጋ ነበር። ቢሆንም «እጄን አጣጥፌ ልያችሁ?» ብለው አብረውን ተቀመጡና በዳሰሳ ይከቱ ጀመር። ቁጥሩን ማየት የእኔና የዘይነባ ፋንታ ነበር ማለት ነው።

ዘይነባ ደግሞ እሽቅድምድም ትወዳለች። «ማን ቀድሞ ይጨርሳል?» አለች። «ማን ቀድሞ ይጨርሳል» ማለት እንግዲህ ለእኔ እንደ ጦር ጥሪ ነው፤ ቤት ውስጥ ከብዙ ወንድሞች ጋር ነው ያደግሁት። ጀመርን። የመጀመሪያዎቹን ቂጣቸውን አየሁ። ከዚያ አየሁ አላየሁም ሆነ። ከዚያ ማየቱን ተውኩት። ዘይነባም ትታው እንደሆነ አላውቅም፤ ቀና ብዬ አላየኋትም። እትዬ ብርቄ ስለ አይሻ የባቡር ጣቢያ አንድ የሚያስቅ ነገር እያወሩልን ነበር። እኔ አሸነፍኩ። እጆቼን ወደ ላይ አንስቼ እልል አልኩ።

ለካ አመላላሹ የሁለት ነጋዴ ዕቃ በአንድ ጆንያ ጭኖ ኖሯል። የሌላኛው ነጋዴ ዕቃ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ፣ ያው ነጭ ብልቃጥ፣ ያው ብርቱካንማ ክዳን ያለው የሚያቀላ ክሬም ነበር። ጥቂቱ ወደ እኛ ተቀላቅሎ መጥቷል። ይህን ያወቅነው ግን በኋላ ነው።

በዚያው ሰሞን ሆዳን መጣች። ብጉር ጥሎባት የሄደ ጥቁር ነጠብጣብ ጉንጯ ላይ ነበረባት፣ ሠርጓ ደግሞ ደርሷል። እትዬ ብርቄ ከመደርደሪያው አንዱን ካርቶን አወረዱና ለሷ የተለየ ትምህርት ሰጧት። «ይኸውልሽ፣ ቪታሚን ሲው እዚህ ጋ ነው፣ ከሽቶው በላይ፣ በደንብ ከላይ። ጠዋት ጠዋት ትቀቢዋለሽ፣ ላዩ ላይ ሰንስክሪን። አትቸኩዪ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው። ማታ ማታ ያንኑ ቃሲልሽን ታጠቢበት» አሏት። ቃሲል እዚህ አገር ሴቶች ፊታቸውን የሚታጠቡበት የቅጠል ዱቄት ነው። ሆዳን ካርቶኑን ተቀብላ ጉንጫቸውን ሳመቻቸው።

ቀስ ብሎ አልሠራም። ወዲያው ነው የሠራው። ሆዳን በየሳምንቱ ስትመጣ እየጠራች፣ እያበራች፣ እየቀላች መጣች። የሠፈሩ ሴቶች «ሆዳን የምትቀባውን ስጡን» እያሉ ይጎርፉ ጀመር። እትዬ ብርቄ ደስ አላቸው፤ ግን አስታውሳለሁ፣ አንድ ቀን አገጯን በጣታቸው ቀና አድርገው ትክ ብለው አዩዋትና «ፈጠነ» አሉ። «ቪታሚን ሲ እንዲህ አይሮጥም ነበር።» እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ «ቆዳዋ ጥሩ ስለሆነ ነው እትዬ» አልኩ። ይህን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልጠየቀኝም።

ብልቃጡ ያለቀው ለሠርጉ ጥቂት ሲቀረው ነው። ካለቀ በኋላ ባሉት ቀናት የሆዳን ፊት ቀላ፣ አበጠ፣ ጥቃቅን ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አወጣ። ፀሐይ ሲነካት እንደ እሳት ያንገበግባታል። ኤዶ ሰፊያ ባዶውን ብልቃጥና ካርቶኑን ይዛ መጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠቻቸው።  እትዬ ብርቄ መነጽራቸውን አድርገው ካርቶኑን እንደ ልማዳቸው በጣታቸው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። «እዚህ ላይ ምንም ክፉ ነገር የለም» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ብልቃጡን ገለበጡና ሥሩን አዩ። ካርቶኑን አዩ። እንደገና ሥሩን አዩ። ቁጥሩ አይገጥምም።

ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የሆነውን መግለጽ ያቅተኛል። ደማቸው ነጥፎ ማድያታቸው ብቻ ጎልቶ ቀረ። ተነሥተው ከመደርደሪያው የቀሩትን በሙሉ አወረዱና አንድ በአንድ እየገለበጡ አዩዋቸው። ሌሎችም የማይገጥሙ ተገኙ። ዘይነባ ማልቀስ ጀመረች። እኔ አላለቀስኩም። እኔ ቆሜ ያሸነፍኩባትን አርብ ሳስብ ነበር።

ሆዳን ቤት የሄዱት ዕለቱን ነው። ዘይነባ አብራቸው ሄደች። እኔ «ሱቁን ልጠብቅ» አልኩ። ሱቁ እኮ ተዘግቶ ነበር። እዚያ የሆነውን የሰማሁት ከዘይነባ ነው። የሆዳን አጎት ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ በእነሱ ወግ የበደለው ሰው ታውቆ ነው ይቅርታም የሚጠየቀው፣ ካሳም የሚቆረጠውና፣ «ከእናንተ ይህን ያደረገው የማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁ። ዘይነባ አፏን ልትከፍት ስትል እትዬ ብርቄ ጉልበቷን ተጭነው ያዟት። «ሱቁ የኔ ነው፣ እጁም የኔ ነው። ሌላ እጅ አትፈልጉ» አሉ። ዘመዶቹ ካሳ አንፈልግም አሉ። ኤዶ ሰፊያ ግን እስከ በሩ ሸኘቻቸውና እንዲህ አለቻቸው፦

«ብርቄ፣ ያን ጊዜ በሬን ስከፍትልሽ ምን እንደተጻፈብሽ አላነበብኩም።»

 በማግስቱ ሱቅ ስገባ እትዬ ብርቄ ቀድመውኝ ተቀምጠው ነበር። «እትዬ፣ ያን ቀን እኮ እኔ…» ብዬ ጀመርኩ። እጃቸውን አነሡና አስቆሙኝ። «ትጊ፣ መነጽር የሌላት ሴት እጇን አጣጥፋ መቀመጥ ነበረባት። መነጽሬ ከተመለሰ በኋላም ሁሉንም ገልብጬ ማየት ነበረብኝ። አለቀ» አሉኝ። እኔም አለቀ አልኩ። ሰው ሸክምህን ሲወስድልህ ምን ያህል ፈጥነህ እንደምትለቀው የማያውቅ የታደለ ነው።

ሆዳን በሠርጓ ዕለት ፊቷን ሸፍና ነው የወጣችው። በሴቶቹ ግብዣ ላይ እንኳ፣ ሴቶች ብቻ ባሉበት፣ ሁሉም በሚገልጥበት፣ አልገለጠችም። በሂና ያጌጡት እጆቿ ብቻ ይታዩ ነበር። እኔ ተጋብዤ አልሄድኩም። እትዬ ብርቄ ሄደዋል፤ ማንም አላናገራቸውም፤ ጥግ ይዘው ተቀምጠው መጨረሻ ድረስ ቆይተው መጡ። «ለምን ሄዱ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ማየት ነበረብኝ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ሆዳንን ሐረር ቆዳ ሐኪም ዘንድ የሚያመላልሷት እሳቸው ሆኑ። መጀመሪያ ልጅቷ አላናግርም ብላቸው ነበር አሉ። እሳቸው ግን በቀጠሮዋ ቀን ሚኒባሱ ጋ ቀድመው ይገኛሉ። ፀሐይ የሚመታበትን የመስኮት በኩል እሳቸው ይይዛሉ፣ ነጠላቸውን መስኮቱ ላይ ዘርግተው በሁለት እጃቸው ይይዙታል፣ የካራማራን ዳገት ወጥቶ እስኪወርድ፣ እስከ ሐረር፣ እንዲያ እንደያዙ ነው። ሐኪሙ ክሬሙ ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል፣ ሲቋረጥ ፊት የሚያሳብጥ መድኃኒት እንደነበረበት፣ ሕክምናው ትዕግሥት እንደሆነ፣ ፊቷ ላይ ምንም እንዳትቀባ ነግሯቸዋል። እትዬ ብርቄም ከዚያን ቀን ጀምሮ ራሳቸው ቅባት መቀባት ተዉ።

ሱቁ ግን አልተዘጋም። የተዘጋ ቢሆን ለእኔ ይሻለኝ ነበር። ካርቶኑ ተለይቶ የመጣ ዕቃ አልቀበልም አሉ፤ ገበያው ደግሞ ሌላ ዕቃ የለውም፤ መደርደሪያው ሳሳ። የሆዳንን ባዶ ብልቃጥ ባንኮኒው ላይ አኖሩት። እናም ደንበኛ በገባች ቁጥር፣ ማንም ትሁን፣ ካርቶን ከማንበባቸው በፊት እንዲህ ይሏታል፦

«እኔ ካርቶን አምኜ የሰው ልጅ ፊት ያበላሸሁ ነኝ። ይኸው ብልቃጡ። አሁን ከፈለግሽ ላንብብልሽ።»

ግማሾቹ ደንግጠው ይወጣሉ። ግማሾቹ ይቀመጣሉ። እሳቸው ብልቃጡን ይገለብጣሉ፣ ቁጥሩን ያሳያሉ፣ ከዚያ ማንበብ ይጀምራሉ። «እኔ» ባሉ ቁጥር እኔ ኋላ ቆሜ ሻምፖ አስተካክላለሁ። የተስተካከለውን ሻምፖ። አንዳንዴ ቀና ስል ዘይነባ ታየኛለች፤ ዓይን ለዓይን ከመጋጠማችን በፊት ሁለታችንም ዘወር እንላለን። አንድም ቀን ወደ እኔ አልጠቆሙም፣ አንድም ቀን ድምፃቸው አልተለወጠም፣ ምሳ ሲበሉ እንደ ድሮው ጎርሰው ያጎርሱኛል። ቢቆጡኝ ኖሮ እስከ ዛሬም እዚያው ነበርኩ።

አዳማ የተሻለ ሥራ አገኘሁ ብዬ ሄድኩ። የተሻለ አልነበረም። መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ፣ ለመንገድ ብለው ሙዝ ገዙልኝ፤ አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮቱ በኩል «ትጊ፣ የትም ብትሠሪ ቂጡን እዪ!» ብለው ጮኹ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ ካራማራን እስክናልፍ አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ በዓል ሲሆን እደውልላቸው ነበር። በኋላ በዓል ሲሆንም መደወል እየቀረ መጣ። ደስ የሚል ድምፃቸውን ስሰማ ነበር የሚብስብኝ፤ ይህን ለማን ያስረዱታል?

ለለቅሶው ሄድኩ። ከካራማራ ቁልቁል የጅጅጋ ሜዳ ታየኝ። ድንኳኑ ከሱቃቸው ጀርባ ካለው ግቢ ተጥሏል። ነጠላና ሒጃብ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ኤዶ ሰፊያ አርጅታ ፍራሽ ላይ፣ የቅርብ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀምጣለች። ሰው ሲገባ «እህቴን» እያለች ነው የምታለቅሰው።  እነዚህ ሰዎች እኔ በሌለሁባቸው ዓመታት ይቅር ተባብለው ጨርሰዋል።

ሆዳን ሻይ ታዞር ነበር። ፊቷን አልሸፈነችም። ከዓይኖቿ በታች ቆዳው ሳሳ ያለ፣ ቀያይ የደም ሥር የሚታይበት ቦታ አለ፤ የቀረው ደህና ነው። አንዲት ሴት ልጅ ቀሚሷን ይዛ ትከተላታለች። ብርጭቆውን ስታቀብለኝ ቀና ብዬ አየኋት፣ እሷም አየችኝ፣ ከዚያ ምን እንደማደርግ ሳላስብ እጇን ያዝኩ።

«ሆዳን» አልኳት፣ «ያን ቀን ቁጥሩን ሳላይ ነው የከተትኩት። ስሽቀዳደም ነበር። እትዬ ብርቄ አይደሉም። እጁ የኔ ነው።»

ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ጎኔ ያሉት ሴቶች ዞር ብለው አዩን። ሆዳን አልደነገጠችም። እጇንም አላስለቀቀችኝም። ልጇን ዞር ብላ «ወደ ኤዶ ሂጂ» አለቻትና አጠገቤ ተቀመጠች።

«እትዬ ብርቄ የኔ ነው አለችኝ» አለች። «እስክትሞት ድረስ የኔ ነው እንዳለች ነው። አንቺ አዳማ በሄድሽ በወሩ ደግሞ ዘይነባ ቤቴ መጣች። እግሬ ላይ ወድቃ አልቅሳ፣ ዋላሂ የኔ ነው፣ እትዬን አትስሚያት አለችኝ።»

ሻዩ እጄ ላይ ቀዝቅዟል። ሆዳን ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደችና ሌላ ልትቀዳልኝ ተነሣች።

«ከሦስታችሁ አንቺ ብቻ ነበርሽ የቀረሽው» አለችኝ።